ውሃ የሚያንከባልል ቅብ የሪሞት ጀልባን ያፈጥናል ወይ?

ጥያቄው ከአንድ አባት የመጣ ነው። ከልጃቸው ጋር ሁለት የሪሞት ጀልባ አላቸው። አንደኛው 1 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ሸራ ነው። ሁለተኛው በባትሪ የሚሄድ ፈጣን ጀልባ ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «የጀልባዎቹን ሆድ ለመኪና መስታወት በሚሸጠው ውሃ የማያስይዝ ፈሳሽ ቀባነው። ውሃ ስናፈስበት እየተንከባለለ ይወርዳል። ልጄ ከእንግዲህ ይፈጥናል ብሎ እርግጠኛ ነው። ሐይቁ ዳር የምናገኛቸው ሰዎች ግን ተቃራኒውን መከሩን። ቅቡን አንሡና ሆዱን በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አደብዝዙት፤ ጀልባ የሚንሸራተተው ውሃ በውሃ ላይ ሲሄድ ነው አሉን። ማንን እንስማ?»

በአጭሩ ልመልስ። የመስታወቱ ቅብ ከውሃ በታች ላለው ክፍል በፍጥነት በኩል የሚፈይደው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የ400ው ምክር የሸራውን ጀልባ አይጎዳም፤ ፈጣኑን ግን ሊጎዳ ይችላል። ምክሩ የተሰጠበት ምክንያት ደግሞ ለሁለቱም አይሠራም።

አሁን ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ውሃ ሲንከባለል ያየ ሰው ሁሉ «ካልያዘው አይጎትተውም» ብሎ ማሰቡ ተገቢ ነው። የልጅዎም ግምት ከዚህ የመነጨ ነው። ችግሩ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

ጠብታ ሲንከባለል የምናየው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፦ ውሃ፣ አየርና የተቀባው ገጽ። ሦስቱ የሚገናኙበት መስመር የጠብታው ጠርዝ ነው። ውሃው ገጹን ከወደደው ጠርዙ ይዘረጋል፤ ጠብታው ይለጠጣል። ካልወደደው ጠርዙ ይሰበሰባል፤ ጠብታው ይድቦለቦላል። ይህ የሚለካው ጠብታው ከገጹ ጋር በሚሠራው ማዕዘን ነው። በደንብ የጸዳ መስታወት ላይ ማዕዘኑ በጣም ትንሽ ነው፤ ውሃው ተዘርግቶ ይቀራል። ሰም ወይም ቴፍሎን ላይ ከ105 እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የመኪና መስታወት ቅብም እዚያው አካባቢ ነው። ገጹ ልሙጥ እስከሆነ ድረስ የትኛውም ኬሚካል ከ120 ዲግሪ እምብዛም አያሳልፍም።

ከዚያ በላይ ለመውጣት ጥቃቅን ሸካራነት ያስፈልጋል። የጎደሬን ቅጠል ያስታውሱ። ውሃ ሲፈስበት ቅጠሉ አይረጥብም፤ ጠብታው እንደ ብር ኳስ ይሮጣል። በዓይን ለስላሳ የሚመስለው ቅጠል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጉብታ በጉብታ ነው። ጉብታዎቹ ላይ ደግሞ ከነሱ እጅግ ያነሱ የሰም ቅንጣቶች አሉ። ጠብታው የሚያርፈው በጫፎቹ ላይ ብቻ ነው፤ ከስሩ ያለው አየር ነው። ማዕዘኑም 150 ዲግሪን ያልፋል። የጀርመኑ የቦን ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ባርትሎት ከክሪስቶፍ ናይንሁይስ ጋር ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1997 በሰፊው ያስተዋወቁት በሎተስ ቅጠል ነው። የእኛው ጎደሬም ይህንኑ ይሠራል።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ቅብ አለ ማለት ነው። አንዱ ልሙጥ ሆኖ ውሃ የሚገፋ ነው፤ እናንተ የቀባችሁት ይሄኛውን ነው። ሌላው እንደ ጎደሬ ቅጠል አየር የሚይዝ ነው። መልሳቸው ስለሚለያይ ለየብቻ ልያቸው።

በልሙጡ ልጀምር። ጀልባውን ውሃ ላይ ሲያስቀምጡት ሆዱ ይጠመቃል። ከውሃው መስመር በታች አየር የለም። አየር ከሌለ ጠርዝ የለም። ጠብታውን ያንከባለለው ኃይል የሚሠራው ጠርዙ ላይ ነበር፤ አሁን የሚሠራበት ቦታ አጣ። ውሃውና ቅቡ ብቻ ፊት ለፊት ተገናኙ።

ታዲያ ጀልባውን ወደ ኋላ የሚጎትተው ምንድን ነው? ጀልባው በሴኮንድ 2 ሜትር ይሄዳል እንበል። ገጹን የነካው የመጨረሻው የውሃ ንብርብር አብሮት በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። ጥቂት ሚሊሜትር ወይም ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ያለው ውሃ ግን ባለበት ቆሟል። ፍጥነቱ ከ2 ሜትር ወደ ዜሮ የሚወርደው በዚያች ስስ መካከል ነው። ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ሰበቃ የምንለው ይህን ነው። ልብ ይበሉ፤ የሚፋተገው ውሃ ከውሃ ጋር ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ያሉት ሰዎች «ውሃ በውሃ ላይ» ያሉት ነገር ለሰም ለተቀባውም፣ ለደበዘዘውም፣ እንደ መስታወት ለሚያበራውም ጀልባ እኩል እውነት ነው። አደብዝዞ ማምጣት አያስፈልግም፤ ድሮም አለ።

ውሃ ገፊ በሆነ ልሙጥ ገጽ ላይ ውሃው ጥቂት እንደሚንሸራተት በቤተ ሙከራ ተለክቷል። ልኩ ግን በናኖሜትር የሚቆጠር ነው፤ በዛ ከተባለ አሥር፣ ሃያ ናኖሜትር ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በእርስዎ የ1 ሜትር ጀልባ ላይ፣ በሴኮንድ 2 ሜትር፣ ሰበቃውን የሚወስነው ከገጹ ጋር የተጠጋው እጅግ ስስ ንብርብር ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ይህ 50,000 ናኖሜትር ማለት ነው። ከ50,000 ውስጥ 20 ቢቀነስ ወይም ቢጨመር ምንም መለኪያ አያሳየውም።

ይህ በስሌት ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በቶርኪ ከተማ የመርከብ ሞዴል መጎተቻ ገንዳ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1872 ሥራ ጀመረ። ገንዘቡን የሰጠው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነበር። ፍሩድ ስስ ሳንቃዎችን በውሃ ውስጥ እየጎተተ ሰበቃቸውን ለካ። አጫጭሮቹ 60 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ረጃጅሞቹ 15 ሜትር ገደማ ነበሩ። አንዳንዱን ቫርኒሽ ቀባው። አንዳንዱን የሻማ ሰም አለበሰው። ሌሎቹን በአቡጀዲ ለበጣቸው፤ አሸዋ የለጠፈባቸውም ነበሩ። ለእርስዎ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ሙከራ አይገኝም። ሰም ውሃ ይገፋል፤ ቫርኒሽ የሰምን ያህል አይገፋም። የሁለቱ ሰበቃ ግን በጣም የተቀራረበ ሆነ። በአቡጀዲ የተለበጠው ሳንቃ ሰበቃ ግን በቫርኒሽ ከተቀባው ሁለት እጥፍ ገደማ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው ሸካራነት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፍሩድ የመርከብ ሞዴሎቹን የሚቀርጸው ራሱ ከሻማ ሰም ነበር። ከሱ በኋላም በብዙ ገንዳዎች ለትውልዶች የሰም ሞዴል ሲሠራበት ቆይቷል። ዛሬ ሞዴሎች ከእንጨትና ከፎም ተሠርተው ቀለም ይቀባሉ። ሰበቃቸው የሚሰላው ግን በአንድ ዓይነት ቀመር ነው፤ ለሰም የተለየ ቅናሽ የለውም። ሰም መሆኑ ብቻ ሰበቃ የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ በሰም ሞዴል የተተነበዩት መርከቦች ሁሉ ባሕር ላይ ሲወጡ ግምቱ ይፈርስ ነበር።

ትልልቅ መርከቦች ሆዳቸውን ሲሊኮን ያለበት ቅብ እንደሚቀቡ ሰምተው ከሆነ፣ እውነት ነው። ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ዛጎል ያላቸው ትንንሽ የባሕር እንስሳትና አልጌ አጥብቀው እንዳይጣበቁበት ነው፤ የተጣበቀውም መርከቡ ሲሄድ በቀላሉ ይላቀቃል። ለወራት ባሕር ውስጥ ለሚቆይ መርከብ ይህ ብዙ ነዳጅ ያድናል። ሐይቅ ላይ ጥቂት ሰዓት ውሎ ተጠርጎ ቤት ለሚገባ ጀልባ ግን የሚነሣ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ጎደሬው ዓይነት እንምጣ። በዕቃ መሸጫ ሱቅ እንደ ስፕሬይ የሚሸጡ፣ በሁለት ዙር የሚረጩ፣ ሲደርቁ ነጣ ያለ ዱቄት የመሰለ ገጽ የሚተዉ ቅቦች አሉ። እነዚህ በእርግጥ አየር ይይዛሉ። ውሃው በከፊል በአየር ላይ ስለሚሄድ መንሸራተቱ ከናኖሜትር ወደ ማይክሮን ያድጋል። በቤተ ሙከራ፣ በጠባብ ቦይና በሰከነ ፍሰት፣ ከ20 በመቶ በላይ የሰበቃ ቅነሳ ተለክቷል። ስለዚህ ሐሳቡ ተረት አይደለም። እኔም በጣም የምወደው የምርምር ዘርፍ ነው። ግን ቦይ ውስጥ የሠራው ሐይቅ ላይ የማይሠራበት ጥብቅ ምክንያት አለ።

ስሌቱን ልስጥዎ፤ ልጅዎ ይወደው ይሆናል። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ክፍተት 50 ማይክሮን ስፋት ያለው ጉድጓድ ነው እንበል። ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው የውሃው የራሱ የገጽ ውጥረት ነው። ያ ውጥረት የሚቋቋመው ግፊት 2,000 ፓስካል ገደማ ነው። ጀልባው በሴኮንድ 2 ሜትር ሲሄድ ደግሞ አፍንጫው ላይ የሚያርፈው የውሃ ግፊት ያው 2,000 ፓስካል ነው። በሴኮንድ 10 ሜትር ሲሄድ 50,000 ይደርሳል። አየሩ ተገፍቶ ይወጣል፤ ውሃው ጉድጓዱን ይሞላል። እሺ፣ ክፍተቱን ወደ 1 ማይክሮን እናጥብበው። አሁን ወደ 100,000 ፓስካል ይቋቋማል። ነገር ግን የመንሸራተቱ ልክ ከክፍተቱ ስፋት ጋር አብሮ ያንሳል። የሚጸናው አያንሸራትትም፤ የሚያንሸራትተው አይጸናም። ተመራማሪዎች ለዓመታት የሚታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

ግፊቱ ባይኖር እንኳ አየሩ ቀስ በቀስ ውሃው ውስጥ እየሟሟ ያልቃል። ቅቡም ደካማ ነው። በእጅ ሲዳሰስ፣ በፎጣ ሲጠረግ፣ ከጠጠር ጋር ሲነካካ ጫፎቹ ይሰባበራሉ። አየሩ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ሸካራ ገጽ ብቻ ነው። ያኔ ጀልባው ካልተቀባው ይበልጥ ሊጎተት ይችላል። አየሩ መኖሩን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። የተቀባ ቁራጭ ፕላስቲክ በባልዲ ውሃ ውስጥ ይክተቱና በጎን በኩል አጋድለው ይመልከቱት። አየር ካለው እንደ መስታወት ብርማ ሆኖ ያበራል። ከዚያ በእጅዎ ይዘው ውሃው ውስጥ ፈጠን አድርገው ያመላልሱት፤ ትንሽ ቆይተው ደግመው ይዩት። ብርማው ነገር የጠፋበት ቦታ አየሩ አልቋል።

ልጅዎ ወደ ውድድር የሚሄድ ከሆነ አንድ ደንብ ይወቅ። የዓለም አቀፉ የሸራ ጀልባ ውድድር ደንብ ቁጥር 53 በገጹ አጠገብ ያለውን የውሃ ፍሰት ሊያሻሽል የሚችል ተብሎ የተሠራ ልዩ ሸካራ ገጽን ይከለክላል። እንደ ፖሊመር (ሞለኪውሎቹ እጅግ ረጃጅም የሆኑ ኬሚካል) ያለ ነገር ወደ ውሃው መልቀቅንም ይከለክላል። ሁለቱም በትክክል ስለሚሠሩ ነው የተከለከሉት። እ.ኤ.አ. በ1987 በአውስትራሊያ ፍሪማንትል የአሜሪካ ዋንጫ የተባለውን የሸራ ጀልባ ውድድር ያሸነፈው «ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ» ጀልባ ሆዱ ላይ 3ኤም የተባለው ኩባንያ የሠራው ጥቃቅን ቦይ ያለበት ስስ ፊልም ተለጥፎበት ነበር። ቦዮቹ በፍሰቱ አቅጣጫ የተሰመሩ ነበሩ። ውሃ ከመግፋት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የታወከውን ፍሰት ነው የሚገራው። የሪሞት ሸራ ጀልባ ውድድርም የሚካሄደው በዚሁ ደንብ ሥር ስለሆነ ያ ሁሉ ብልሃት ለእናንተም ዝግ ነው።

ወደ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ልመለስ። ገጽ ምን ያህል ልስላሴ ይበቃዋል? ለዚህ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ቀላል መመሪያ አለ። ከሚወስነው ስስ ንብርብር በታች ተሸፍኖ የሚቀር ጉብታ ሰበቃ አይጨምርም። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚፈቀደው ጉብታ 100 ማይክሮን ገደማ ነው። በሴኮንድ 2 ሜትር 50 ይሆናል። በሴኮንድ 15 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር፣ ወደ 7 ማይክሮን ይወርዳል። የ400 ወረቀት ቅንጣት 35 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የሚተወው ጭረት ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ለሸራው ጀልባ በቂ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረካበትም ለዚህ ነው። ለፈጣኑ ጀልባ ግን ወሰኑ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ለሱ ከ1500 በታች አላቆምም።

እዚህ ላይ ከልስላሴው ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ውሃው ከአፍንጫው ሲነሣ ሰክኖ ይፈስሳል። ትንሽ ሄዶ ይታወካል። በ1 ሜትር ርዝመትና በሴኮንድ 2 ሜትር ፍሰቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰክኖ መቆየት ቢችል ኖሮ፣ ሰበቃው በታወከ ፍሰት ከሚሆነው ሩብ ያህል ብቻ ይሆን ነበር። ነፋስ በሌለበት ቀን፣ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር አካባቢ፣ የሸራው ጀልባ የሆዱን ብዙ ክፍል በሰከነ ፍሰት ሊያልፍ ይችላል። ይህን ዕድል የሚያበላሹት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አፍንጫው አጠገብ ቀለም ውስጥ የደረቀች አንዲት የአቧራ ቅንጣት፣ የስቲከር ጠርዝ፣ የቀለም ቴፕ የተወው እርከን፣ ከሆዱ ስር ወደ ታች የሚወርደው የውሃ ውስጥ ክንፍ ፊት ላይ ያለች ጭረት ይበቃሉ። ከዚያች ነጥብ ጀምሮ ወደ ኋላ ውሃው እየሰፋ በሚሄድ መስመር ይታወካል። ስለዚህ የሥራ ሰዓታችሁን የፊተኛው ሩብ ላይ፣ በክንፉና በመሪው ፊት ጠርዝ ላይ አውሉት። የኋላው ክፍል ያን ያህል አይቆጣም።

የሸራው ጀልባ ሌላም ወሰን አለው። 1 ሜትር የውሃ መስመር ያለው ጀልባ በሴኮንድ 1.25 ሜትር ገደማ ሲደርስ የሚያስነሣው ማዕበል ርዝመት ከራሱ ርዝመት ጋር ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ጉልበት ማዕበል በማስነሣት ይባክናል። ነፋስ ሲበረታ የሆዱ ልስላሴ ጉዳይ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰበቃ ዋናው ጠላት የሚሆነው ነፋሱ ሲደክም ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ክንፉ ላይ የተጠመጠመ ክር የሚያህል የውሃ ሣር ከማንኛውም ቅብ በላይ ይጎትታል። በየዙሩ መሃል ክንፉንና መሪውን በእጅ ማበስ ነጻ ፍጥነት ነው።

ፈጣኑ ጀልባ ዓለሙ ሌላ ነው። በሩጫ ላይ ከውሃው ወጥቶ በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚነካ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ምን ያህል ስፋት እንደሚረጥብ ነው። መጀመሪያ የብረት ማስመሪያ ያምጡና ከኋላው ጫፍ ጀምሮ በሆዱ ርዝመት ላይ ያስደግፉት። የመጨረሻው ክፍል ወደ ውስጥ ጎድጎድ ካለ ውሃው ኋላውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አፍንጫው ይደፋል፤ የሚረጥበው ስፋት ይጨምራል። ወደ ውጭ ካበጠ ደግሞ ጀልባው ይዘላል። ከዚያ የኋላውን የታች ጠርዝና የጎን ጠርዞቹን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ወፍራም ቀለም ጠርዞቹን ያድቦለቡላል። የደቦለቦለ ጠርዝ ላይ ውሃው በጊዜ አይላቀቅም፤ ዞሮ ይከተላል። በጠጣር ጣውላ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት እስኪስሉ ድረስ ያቅኗቸው። ቀጥሎ የባትሪውን ቦታ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ኋላና ወደ ፊት እያደረጉ ይሞክሩ። ከእነዚህ ከእያንዳንዳቸው የሚገኘው ለውጥ በዓይን የሚታይ ነው።

ከሰበቃ ብቻ ምን እንደሚገኝ ማስላትም ጥሩ ነው። ሰበቃ ከጠቅላላው ጉተታ ግማሹ ነው እንበል። በሆነ ተአምር 5 በመቶ ቀነሳችሁት። ጠቅላላው ጉተታ 2.5 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። የሞተሩ ጉልበት ያው ከሆነ ፍጥነቱ የሚጨምረው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ የሚፈለገው ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ ልክ ስለሚያድግ። ቅቡ ደግሞ 5 በመቶውንም አይሰጥም።

ታዲያ ቅቡ ከንቱ ነው? አይደለም። የሚሠራው ጠርዝ ባለበት፣ ውሃ፣ አየርና ገጽ በሚገናኙበት ቦታ ነው። የላይኛው ወለል ላይ የወደቀ ውሃ ተንከባልሎ ይወርዳል እንጂ ክብደት ሆኖ አይቀመጥም። ከማንቆርቆሪያ ሻይ ቀስ ብለው ሲቀዱ በአፉ ስር ተጣብቆ ወደ ሆዱ የሚወርድ ነገር አለ፤ በጀልባው ጎንም የሚረጨው ውሃ እንዲሁ እየታከከ ይወጣል። ውሃ የሚገፋ ገጽ ይህን መታከክ እንደሚቀንስ በሙከራ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከጎን ጠርዙ በላይ ያለውን ግድግዳ መቀባት ትርጉም አለው። በጣም ትንሽ፣ 10 ሴንቲሜትር የሚያህል መጫወቻ ጀልባ ቢኖራችሁ ኖሮ ደግሞ የውሃው መስመር ዙሪያ ራሱ ጉዳይ ይሆን ነበር። በዚያ መጠንና በዝግታ የገጽ ውጥረት ትልቅ ድርሻ አለው። ለ1 ሜትር ጀልባ ግን አይደርስም።

ከመቀባታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ሲሊኮን ያለበት ቅብ ያረፈበት ቦታ ላይ ቴፕ አይይዝም። የወለሉን ክዳን በቴፕ የምታሽጉ ከሆነ ዙሪያውን ሳትቀቡ ተዉት፤ አለበለዚያ ውሃው ወደ ሪሲቨሩና ወደ ባትሪው ይገባል። ሌላው፣ ቀለም ሊቀቡ ሲሉ ሲሊኮኑ ጣጣ ያመጣል። አዲሱ ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። ማንኛውም የመኪና ቀለም ቀቢ ይህን ያውቀዋል። እንዲሁም ውሃ የማያስይዙ ስፕሬዮች ጭጋጋቸው ሳንባ ይጎዳል። ልጁ ቤት ውስጥ እንዳይረጭ። ውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ በጨርቅ መቀባት ከመርጨት ይሻላል።

የቀባችሁትን ለማንሣት ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የቅባት ማጽጃ በንጹህ ጨርቅ ደጋግመው ይጥረጉ፤ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። ሳያጸዱ ከፈገፈጉት ሲሊኮኑን ጭረቱ ውስጥ ይቀብሩታል። ከዚያ ስስ ጥቁር ቀለም ከሩቅ ይርጩበት። በ600 ወረቀት በውሃ እየነከሩ፣ ለስላሳ ጣውላ ላይ ጠቅልለው፣ በርዝመቱ ይፈግፍጉ። ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው፤ ስቱኮ ያስፈልገዋል። የሸራውን ጀልባ 800 ላይ ማቆም ይችላሉ። ፈጣኑን እስከ 2000 ያድርሱት። ፖሊሽ ማድረግ ከወደዱ ያድርጉ፤ ሲጸዳ ደስ ይላል፣ ቆሻሻም አይዝም።

ልጅዎ ይህን ሁሉ በቃል እንዲያምነኝ አልጠብቅም፤ ይለካው። ለሸራው ጀልባ ገንዳ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው። ሸራውን ያውርዱ። ከጀልባው ኋላ ላስቲክ አድርጋችሁ ሁልጊዜ እኩል ስባችሁ ልቀቁት። ከመነሻው 1 ሜትርና 4 ሜትር ላይ ምልክት አድርጉና በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት። በሁለቱ ምልክቶች መሃል የወሰደው ጊዜ ነው መረጃው። እንዲህ ያለ ጀልባ ላይ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር የሚኖረው ሰበቃ የ10 ግራም ክብደት ያህል ነው፤ ስለዚህ የውሃው መንቀጥቀጥ ያበላሸዋል። በየመሃሉ ውሃው እስኪረጋ ጠብቁ። ለፈጣኑ ጀልባ ጂፒኤስ ይሻላል። ሙሉ በተሞላ ባትሪ፣ በሁለቱም አቅጣጫ አስኪዱና አማካዩን ያዙ።

የውሃውን ሙቀት መመዝገብ አትርሱ። ውሃ ከ20 ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ሰበቃው በእንዲህ ያለ ጀልባ ላይ ከ5 በመቶ በላይ ይጨምራል። ጠዋት ሳይቀባ፣ ከሰዓት ተቀብቶ የተሞከረ ጀልባ «ፈጠነ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሁን እንደተቀባ ለኩት፤ አንሥታችሁ ለኩት፤ መልሳችሁ ቀብታችሁ ለኩት። ሰዓቱን ከቪዲዮው የሚያነበው ሰው የትኛው ሩጫ የተቀባው እንደሆነ አይነገረው። ልጅዎ ቀቢ ከሆነ እርስዎ አንባቢ ይሁኑ።